የአዲስ ገቢ ወግ፦ በጉባኤ የመናገርና የማዳመጥ ሥርዓት ከዙፋን ችሎት እስከ ምሥራቅ አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያዎች



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል። የነገሥታት ዘመቻ፣ የመሬት ሥሪት ወይም የድንበር ውል አይደለም። የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ከዚህ በፊት ወዳልነበረበት ጉባኤ ሲገባ መቼ ይናገራል? መቼስ ያዳምጣል? ጉባኤውስ አዲሱን ሰው እንዴት ሊቀበለው ይገባል? ጥያቄውን ያነሣሁት በተለይ በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ እስከ አያትና አራብሳ ባለው ሰፊ ምድር፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ «አዲስ ገቢ» ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ እንዴት ተነጋግሮ እንደሚወስን ማወቅ የሥነ ምግባር ምክር ብቻ አይደለም፤ የውኃው ሞተር ሲቃጠል፣ ጎረቤት ሲሞት፣ ግቢው ሲቆሽሽ ማን ምን ያድርግ የሚለውን የሚወስን ጉዳይ ነው።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አንደበት አለው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ ፈጥኖ የሚገባውን ይገሥጻል። ዞር ብሎ ደግሞ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ዝም የሚለውን ይወቅሳል። ሁለቱ አባባሎች ተጻራሪ ይመስላሉ። በእኔ አስተያየት ግን የአንድ ሥርዓት ሁለት ወገኖች ናቸው። የተለመደው አነጋገር «በባህላችን ታናሽ ዝም ይላል፣ ታላቅ ይናገራል» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ዐቢይ ሐሳብ ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት መሆኑን ማሳየት ነው።

የችሎቱ ቅደም ተከተል

ከዘመናዊው የፍርድ ቤት አደረጃጀት በፊት የነበረውን የሙግት ወግ እንመልከት። ሙግት የአደባባይ ጉዳይ ነበር። ተከራካሪዎች ቆመው፣ ዳኛው ተቀምጦ፣ መንገደኛው ሳይቀር ከብቦ ይሰማ ነበር። «ተጠየቅ»ና «በላ ልበልሃ» የሚባሉት የክርክር ስልቶች ቃልን በሥርዓት መወርወርና በሥርዓት መቀበልን ይጠይቁ ነበር። አንዱ ጠይቆ ሌላው ሳይመልስ ክርክሩ ወደ ፊት አይሄድም። ስለዚህ ጥሩ ተሟጋች ለመሆን ጥሩ አዳማጭ መሆን ግድ ነበር፤ የባላጋራውን ቃል በትክክል ያልያዘ ሰው የሚመልሰው አይኖረውም።

ከዚህ ሁሉ ግን ለዛሬው ርእሳችን የሚበልጠው በዙፋን ችሎት የነበረው የአስተያየት አሰጣጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያስችልበት ጊዜ በችሎቱ የተሰየሙት መኳንንት ፍርዱን የሚናገሩት ከዝቅተኛው ማዕረግ ጀምሮ ወደ ላይ ነበር። ታናሹ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ከፍ ያለው፤ እንዲህ እየተባለ እስከ አፈ ንጉሡ ይደረስና ንጉሡ ከሁሉ በኋላ ይፈርዳል። ይህ አሠራር የትሕትና ጌጥ ብቻ አልነበረም። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ የሚቀረው ማጽደቅ ብቻ ነው። ታናሹ አስቀድሞ ከተናገረ ግን ታላቁ ከመወሰኑ በፊት የተለየ ሐሳብ የመስማት ዕድል ያገኛል። በጥንቱ የአይሁድ ሸንጎም በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ሲፈረድ አስተያየት የሚጀምረው በዳር ከተቀመጡት ታናናሾች እንደ ነበር ሚሽና ይነግረናል። እርስ በርስ የራቁ ሁለት ሥርዓቶች ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ መድረሳቸው፣ ችግሩ የሰው ልጅ ሁሉ ችግር መሆኑን ያመለክታል።

ይህን ስል የቀድሞውን ችሎት እያሞካሸሁ እንዳይመስላችሁ። ሥርዓቱ የማዕረግ ሥርዓት ነበር። ገበሬው፣ ጭሰኛው፣ ሴቲቱ በዚያ የመኳንንት ረድፍ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ «ታናሽ ዝም ይበል» የሚለውን እንደ ጥንታዊና ብቸኛ ወግ አድርገን የምናቀርብ ከሆነ፣ ታሪኩ ራሱ አይደግፈንም። በትልቁ አደባባይ ታናሹ ዝም እንዲል አይፈለግም ነበር፤ የሚፈለገው አስቀድሞ እንዲናገር ነበር።

የጉባኤ ቤቱ አቀባበል

ሁለተኛው ትምህርት ቤታችን የቅኔ ቤት ነው። «ጉባኤ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአብነት ትምህርት ቤት ሕያው ሆኖ ይገኛል። ወደ ቅኔ ቤት የመጣ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ሰው ፊት ቆሞ ቅኔ እንዲያቀርብ አይጠየቅም። አስቀድሞ ይሰማል፤ ቀጥሎ ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ተነግሮለት፣ ታርሞለት፣ ተቃንቶለት በመጨረሻ በሕዝብ ፊት ይዘርፋል። የመጀመሪያው ሥራውም አጭሩ፣ የሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው።

ይህን አካሄድ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አዲሱ ሰው ዝም የሚልበት ጊዜ አለው፤ ዝምታው ግን ሥራ ያለበት ዝምታ ነው፤ መጨረሻም አለው። በዝምታውና በአደባባዩ መካከል ደግሞ አስነጋሪ የሚባል ሰው ቆሟል። አስነጋሪው ከአዲሱ ብዙም የማይርቅ፣ ትናንት እርሱም አዲስ የነበረ ሰው ነው። ስሕተት በትንሽ ክበብ ውስጥ ታርሞ ስለሚያልቅ ተማሪው በአደባባይ ከማፈር ይድናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል ከዚህ ዓለም የወጣ ነው። አባባሉ መጠምጠምን አይከለክልም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይናገራል።

የእድሩ ደንብ

ወደ ከተማ ስንመጣ ዐዲስ ዓይነት ጉባኤ እናገኛለን። አዲስ አበባ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሰፈረባት ከተማ ናት። ቀባሪ ዘመድ በሩቅ አገር የቀረበት ሰው በጎረቤቱ መቀበር ነበረበት። እድር የተስፋፋው ከዚህ አስፈላጊነት የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ስለ መረዳጃ ማኅበራት ባወጡት ጽሑፍ ይህን የከተማ ሕይወት ገጽታ ለምሁራን አስተዋውቀዋል።

እድር ለአዲስ ገቢ ያለው አቀባበል ከችሎቱም ከቅኔ ቤቱም ይለያል። አዲሱ አባል የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ብረት ምጣዱ ከእርሱ በፊት በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ነውና የድርሻውን ያሟላል። ደንቡ ይነገረዋል፤ በብዙ እድሮች ደንቡ በጽሑፍ አለ። በወር ምን እንደሚከፍል፣ ከቀብር ቢቀር ምን እንደሚቀጣ፣ የትኛው ዘመዱ ቢሞት ምን እንደሚሰጠው አስቀድሞ ያውቃል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እነማን እንደ ሆኑ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በስብሰባ እጁን ሲያነሣ ማንም ከየት አገር እንደ መጣ ወይም ምን ዓይነት ሹመት እንዳለው ሊጠይቀው አይገባም።

ነገር ግን በእድር ውስጥ ሌላ ያልተጻፈ ደንብ አለ። ድንኳን ሲተከል የነበረ፣ ቀብር ያልቀረ፣ ከለቅሶተኛ ጋር ያመሸ ሰው ሲናገር ይሰማል። ወርኃዊ መዋጮውን በሰው እየላከ በስብሰባ ቀን ብቻ መጥቶ የሚያማርር ሰው ሲናገር ግን ሰው ወደ ጎን ይመለከታል። የመናገር መብቱ በመክፈል ይገኛል፤ ተሰሚነቱ ግን በመገኘት ነው። ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው። መብቱን ማንም አይነፍገውም፤ ክብደቱን ግን ራሱ ያመጣዋል።

ታናሹ የጠፋበት ስብሰባ

የአብዮቱ ዘመን ይህን ሁሉ ገለበጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። ቀበሌ ብለን የምናውቀው ተቋም ከዚህ ተነሣ። በሐሳብ ደረጃ ትልቅ ለውጥ ነበር። ትናንት የቤት ኪራይ የምትከፍለው ጠላ ሻጭና ትናንት ያከራያት ባለ ርስት በአንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ ተጠሩ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ላይ የተካሄደው ክርክርና በየሥራ ቦታው የተከፈቱት የውይይት ክበባት ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የአደባባይ ውይይት ልምድ ነበሩ።

የመግቢያው ዋጋ ግን ከፍ ያለ ነበር። አዲሱ ሰው አስቀድሞ ቃላቱን ማወቅ ነበረበት፤ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ አድኃሪ፣ ተራማጅ። ቃሉን ያልያዘ ሰው ሐሳብ ቢኖረውም የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። ይባስ ብሎ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የቀበሌ ስብሰባ የ«ማጋለጥ» መድረክ ሲሆን ንግግር በነፍስ የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ። የችሎቱም ቅደም ተከተል ተገለበጠ። ከፍተኛው ካድሬ መጀመሪያ ይናገራል፤ አቋሙ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣ እጅ ሁሉ ያንኑ ለማጽናት ይነሣል፤ ስብሰባው በጭብጨባ ይጠናቀቃል።

በዚያ ዘመን ያደገው ትውልድ ከስብሰባ የተማረው ወግ ዝምታ ነው። ዝምታውም የቅኔ ቤቱ ዓይነት አልነበረም፤ የፍርሃት ዝምታ ነበር። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ይህን ከወላጆቻችን ፊት አንብበናል። ዛሬም በስብሰባ «አስተያየት ያለው?» ተብሎ ሲጠየቅ አዳራሹ የሚውጠው ጸጥታ «የባህል ትሕትና» ይባላል። እኔ ግን ከጥንቱ ትሕትና ይልቅ ለ1969 ዓ.ም. አዳራሽ የቀረበ ይመስለኛል።

ምሥራቅ አዲስ አበባ፦ ማን ነው አዲሱ?

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ቦሌ የከተማ ስም ሆኖ የገነነው በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ምድር ለረጅም ጊዜ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ 750 ያህል ቤቶች ያሉት የሙከራ የጋራ መኖሪያ ግንባታ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማም ተቋቋመ።

ቤቱ በዕጣ የሚደርስ በመሆኑ ጎረቤትን የመረጠ ሰው የለም። ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ ላይ ይገናኛል። በድሮው ሰፈር አዲስ ገቢው አንድ ቤተሰብ ነበር፤ ወጉን የሚያሳየው ነባር ሰፈር ነበረው። እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ አዲስ ገቢ ሆነ። ነባር የሌለበት ጉባኤ ማለት አስነጋሪ የሌለበት የቅኔ ቤት ማለት ነው። ብዙዎች የድሮ ሰፈራቸውን እድር ሳይለቁ፣ ከአራብሳ እስከ መሐል ከተማ ለቀብር እየተመላለሱ ለዓመታት መቆየታቸው የሚያስገርም አይደለም። ወግ የሚያውቃቸው እዚያ ነበር።

ሕጉ ለዚህ ጉባኤ ቅርጽ ሰጥቶታል። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖርና የጋራ መጠቀሚያዎችን እንዲያስተዳድር ያዝዛል። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ነው። በመጀመሪያዎቹ ንድፎች እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ጭምር ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። በየብሎኩ ከሚኖረው ሰው ብዙው ግን ተከራይ ነው። ውኃ ሲጠፋ ባልዲ ይዞ ደረጃ የሚወጣው ተከራዩ ሲሆን፣ ስለ ውኃው በሚደረገው ስብሰባ ግን በሕግ ድምፅ የለውም። በ1967ቱ አዋጅ ተከራይና ባለ ርስት በአንድ አዳራሽ ከተቀመጡ በኋላ፣ የጋራ መኖሪያው እንደገና በር ላይ ለያቸው።

የነገሩ መራራ ጎን ደግሞ ሌላ ነው። ሁላችንም አዲስ ገቢ ነን ስንል፣ ነባር አልነበረም ማለታችን ነው። ነበረ። በዚህ ምድር ላይ ያርሱ የነበሩ የኦሮሞ ገበሬዎች የራሳቸው የጉባኤ ወግ ነበራቸው፤ በሽማግሌ ምርቃት የሚከፈት፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ የሚደመጥበት፣ እስኪስማሙ የማይቸኮልበት ወግ። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን የዚያው ወግ ባለቤት የሆነው ገበሬ መሬቱ ሲለካ በተደረገው ስብሰባ ላይ በገዛ አገሩ አዲስ ገቢ ሆኖ ተቀምጧል፤ ቋንቋው ሌላ፣ አጀንዳው የተጻፈ፣ ውሳኔው ያለቀ። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ ካስነሣና የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የታሪክ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ግን ቀላሉ ነው፤ መጀመሪያ መናገር የነበረበት ሰው መጨረሻም አልተጠየቀም።

ለአዲሱና ለነባሩ

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። አብዛኛው ምክር ለአዲሱ ሰው ብቻ የሚሰጥ ነው። እኔ ለሁለቱም እሰጣለሁ።

ወደ አንድ ጉባኤ አዲስ የምትገባ ሰው፤ አስቀድመህ ስማ። ትናንት የተወሰነውን ሳታውቅ ዛሬ እንደ አዲስ አታንሣው፤ ቃለ ጉባኤ ካለ ጠይቀህ አንብብ። ስትናገር እንደ ጉባኤ ቃና አጭር ሁን፤ አንድ ሐሳብ፣ አንድ ምክንያት፤ ከዚያ ተቀመጥ። ሰውን ሳይሆን ነገሩን ተሟገት፤ የባላጋራህንም ቃል በትክክል ደግመህ ለመናገር እስክትችል ድረስ አትመልስለት። የምታስወቅሰው ጉዳይ ካለ ከማንም በፊት ከባለቤቱ ጋር ለብቻ ተነጋገር። ከሁሉም በላይ ሥራ ባለበት ቀን ተገኝ፤ ድንኳን ስትተክል ያየህ ሰው ስትናገር ይሰማሃል።

ጉባኤውን የምትመሩ ነባሮች፤ የእናንተ ግዴታ ይበልጣል። ደንባችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለአዲሱ ስጡት፤ ያልተነገረውን ደንብ ጣሰ ብላችሁ አትውቀሱት። እንደ ቅኔ ቤቱ አስነጋሪ መድቡለት፤ አንድ ጎረቤት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ስብሰባዎች አጠገቡ ተቀምጦ ማን ማን እንደ ሆነ የሚነግረው ይበቃል። ሊቀመንበሩ አንድ ሰዓት አብራርቶ ሲያበቃ «አስተያየት ካለ» ማለት የ1969 ዓ.ም. ልማድ ነው። ጉዳዩን በአጭሩ አቅርቡና ከአዲሱ፣ ከታናሹ፣ ከተከራዩ ጀምሩ፤ ሊቀመንበሩ መጨረሻ ይናገር። በድምፅ አሰጣጥ ሕጉ ተከራዩን ቢያገልል እንኳ፣ እንዲናገር መጋበዝን የሚከለክል ሕግ የለም።

እኔ በምኖርበት አካባቢ በሚደረጉ ስብሰባዎች እንዳስተዋልኩት፣ ይህን ለመሞከር የሚያስፈልገው ተጨማሪ በጀትም ሆነ ፈቃድ አይደለም፤ የተራ ቅደም ተከተልን መገልበጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ታናሹ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ ግን ማታ ማታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውኃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ የሚያውቀው እርሱ ብቻ መሆኑ ይታወቃል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥም ጥያቄና አስተያየት የምንቀባበልበት ሰዓት ደርሷል። አወያያችንን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ድምፅ ማጉያው ከፊት ረድፍ ካሉት ፕሮፌሰሮች በፊት ከኋላ ወደ ተቀመጡት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይሂድልኝ። ባልደረቦቼ ትንሽ ታገሡን፤ ንጉሥም በተራው መጨረሻ ነበር የሚናገረው።